በመጀመሪያው ዓመት የተፈረደበት ተጫዋች፦ የአንድ የዋሽንግተን ናሽናልስ ውል የጉዳይ ጥናት

ይህን ጉዳይ ለምን መረጥኩት

ዋሽንግተን ዲሲና ዙሪያዋ ከአገር ውጭ ብዙ ኢትዮጵያዊ ከሚኖርባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ከዩ ስትሪት ጣቢያ አረንጓዴውን የሜትሮ መስመር የያዘ ሰው ባቡር ሳይቀይር ናቪ ያርድ ይወርዳል። ከዚያ የናሽናልስ ቤዝቦል ስታዲየም ጥቂት እርምጃ ነው። ያም ሆኖ ከእኛ ሰው ቤዝቦል የሚከታተለው ጥቂት ነው። ጨዋታው ይረዝማል፣ ሕጉ ይወሳሰባል፣ ልባችንን ደግሞ እግር ኳስ ቀድሞ ወስዶታል።

እኔ ግን አንድ ድርጅት ትልቅ ገንዘብ አውጥቶ ሰው ሲቀጥር ምን እንደሚሆን ለማጥናት ቤዝቦልን የሚያህል አላየሁም። እያንዳንዱ ኳስ ይመዘገባል። ውሉ ለሕዝብ ይታወቃል። ማን ምን ወስኖ ምን እንደተገኘ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ማየት ይቻላል።

እዚህ የማነሳው ከ2011 እስከ 2017 ለናሽናልስ የተጫወተ አንድ አውትፊልደር ነው፤ ማለትም ከውጪኛው ሰፊ ሜዳ ላይ ኳስ የሚይዝ ተከላካይ። ጨዋታውን የሚያውቅ ሰው ማን እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። ስም አልጠራም፤ እዚህ የምንፈልገው ውሳኔዎቹን ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ክለቡ የነበረበት ሁኔታ

ዋሽንግተን በ1971 መጨረሻ ላይ ክለቧ ወደ ቴክሳስ ሄዶባት ከ30 ዓመት በላይ ያለ ትልቅ ሊግ ቤዝቦል ኖራለች። በ2005 የሞንትሪያል ክለብ ወደ ከተማዋ ተዛውሮ ናሽናልስ ተባለ። በ2008 አዲስ ስታዲየም ተከፈተ። ቡድኑ ግን ደካማ ነበር። በዓመት 162 ጨዋታ ይደረጋል፤ በ2008 ከነዚህ 102ቱን፣ በ2009 ደግሞ 103ቱን ተሸነፈ።

ሽንፈቱ አንድ ጥቅም ነበረው። የሊጉ አሠራር ያኔ ለደካማ ቡድኖች ከወጣቶች መጀመሪያ የመምረጥ መብት ይሰጥ ነበር። ናሽናልስ በ2009 በጣም ፈጣን ኳስ የሚወረውር ልጅ፣ በ2010 ደግሞ ገና የ17 ዓመት የሆነ አስደናቂ መቺ በአንደኛ ምርጫ አገኘ። ተስፋ ነበረ ማለት ነው። የጎደለው ተስፋውን አምኖ የሚመጣ የደረሰ ተጫዋች ነበር። በ2008 መጨረሻ አንድ ስመ ጥር መቺ ዋሽንግተን ያቀረበችለትን ዳጎስ ያለ ገንዘብ ትቶ ኒውዮርክን መርጧል። ስም ያለው ሰው ወደ ተሸናፊ ክለብ መሄድ አይፈልግም።

የሚያሳፍር ሌላ ነገርም ነበር። ፊላደልፊያ ከዲሲ የጥቂት ሰዓት መንገድ ነች። የፊላደልፊያ ክለብ ፊሊስ ሲመጣ ደጋፊው በአውቶቡስ ተጭኖ ይመጣና የናሽናልስን ስታዲየም ይሞላዋል። የቤቱ ቡድን በገዛ ሜዳው እንግዳ ሆኖ ይውላል።

ተጫዋቹና ውሉ

ተጫዋቹ የመጣው ከዚያው ከፊላደልፊያ ነው። እዚያ ከመድረሱ በፊት መንገዱ ቀና አልነበረም። በ2005 ዝግጅት ላይ የተወረወረ ኳስ የግራ እጁን አንጓ ሰበረው። ጉዳቱ ሳይድን ከርሞ የ2006ን ውድድር ሙሉ በሙሉ አሳጣው፤ ያኔ የነበረበት የሎስ አንጀለስ ክለብም ለቀቀው። ፊላደልፊያ በትንሽ ገንዘብ፣ በ850 ሺህ ዶላር፣ ወሰደው። በ2008 ከቡድኑ ጋር የዓለም ዋንጫ የሚሉትን የቤዝቦል ፍጻሜ አሸነፈ። በ2009 36 ሆም ራን፣ ማለትም ከአጥር በላይ የሚያልፍ ምት፣ መታ። በ2010 የመምታት አማካዩ 0.296 ነበር፤ ማለትም ከ1,000 ሙከራ 296ቱ ተሳክቶለታል ማለት ነው። በዚህ ጨዋታ ይህ በጣም ጥሩ ቁጥር ነው።

በዲሴምበር 2010 ናሽናልስ ለ7 ዓመት 126 ሚሊዮን ዶላር ሰጠው። ዕድሜው 31 ነበር፤ ውሉ ሲያልቅ 38 ሊሞላው። ክፍያው በመጀመሪያ ዓመታት አነስ ብሎ ወደ መጨረሻው ከ20 ሚሊዮን በላይ የሚደርስ ነበር። ቤዝቦል ውስጥ የነበሩ ሰዎች ደነገጡ። የአንድ ተፎካካሪ ክለብ ኃላፊ ዋሽንግተን የበጀት ጉድለቷን የምትቀንስ መስሎኝ ነበር ብሎ ቀለደ።

እዚህ ላይ ክለቡ ምን ሊገዛ እንደፈለገ ማየት ያስፈልጋል። ለሆም ራን ብቻ ቢሆን ዋጋው ውድ ነው። ናሽናልስ ግን ከዚያ ሌላ ይፈልግ ነበር፦ ያሸነፈ ሰው በወጣቶቹ መካከል እንዲቀመጥ፣ ሌሎች ተጫዋቾችም ይህ ክለብ የምሩን ነው ብለው እንዲያዩት። ይህን የመሰለ ዓላማ ቁጥር ላይ አይጻፍም። ፍርዱ ሲመጣ ግን የሚመጣው በቁጥር ነው።

2011፦ የከሸፈ ዓመት

የመጀመሪያው ዓመት መጥፎ ነበር፤ ማስተባበያ የለውም። አማካዩ ወደ 0.232 ወረደ። 160 ጊዜ በሦስት ስትራይክ ወጣ፤ ስትራይክ የሚባለው መቺው የሳታት ወይም መምታት ሲገባው የተዋት ኳስ ነች። ሆም ራኑም 20 ነበር። መቺዎች በተራ ይገባሉ፣ እያንዳንዱ ተራ የራሱ ሥራ አለው፤ እሱን ግን አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከመሀል እያደረጉ አቀያየሩት። በጁን የቡድኑ አሰልጣኝ በራሱ ውል ጉዳይ ከክለቡ ጋር ተጣልቶ ከአንድ ድል በኋላ ሥራውን ለቀቀ። ፊሊስ በበኩሉ ያለ እሱ በዚያ ዓመት 102 ጨዋታ አሸነፈ። ጋዜጣውም ደጋፊውም ገንዘቡ ውኃ በላው አለ።

ሆኖም አንድ ቁጥር ነበረ፣ ብዙ ሰው ያላየው። ወርዋሪው ከመምቻው ክልል ውጪ አራት ኳስ ወርውሮ መቺው ከተዋቸው (እያንዳንዷ ቦል ትባላለች) መቺው በነፃ ወደ መጀመሪያው ቤዝ፣ ማለትም ሮጦ ሊደርስባቸው ከሚገቡ ጣቢያዎች ወደ መጀመሪያው፣ ይሄዳል፤ ዎክ ይሉታል። ተጫዋቹ በዚያ መጥፎ ዓመት እንኳ 74 ዎክ አግኝቷል። ዓይኑ አልጠፋም ማለት ነው። የቱን ኳስ መተው እንዳለበት ያውቃል። በዓመቱም 150 ጨዋታ ተሰልፏል። እጁ እንጂ ዳኝነቱ አልከዳውም። ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ዳኝነቱ የጠፋ መቺ ብዙ ጊዜ አይመለስም፤ እጁ የከዳው ግን ሊመለስ ይችላል።

ቡድኑም ቢሆን 80 አሸንፎ 81 ተሸነፈ። ከዓመት በፊት 69 ብቻ ነበር ያሸነፈው።

ስብራቱ እና የተቀየረው ሥራ

በ2012 ጸደይ ክለቡ ያንን የስታዲየም ውርደት ለማስቆም ቆርጦ ተነሳ። ለፊሊስ ጨዋታዎች ትኬት መሸጥ ሲጀምር መጀመሪያ ለዲሲ፣ ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ ነዋሪዎች ብቻ ሸጠ። ሜይ 6፣ እሁድ ማታ፣ የዚያ ግጥሚያ የመጨረሻ ጨዋታ ነበር። ቀኝ ሜዳ ላይ አጠር ብላ የወደቀች ኳስ መጣች። ተጫዋቹ ሮጦ ተንሸራተተ። ጓንት ያጠለቀው ግራ እጁ ከሥሩ ታጥፎ ቀረ። በ2005 የተሰበረው ያው አንጓ ነበር። እጁን ይዞ ሲወጣ ጥቂት የፊላደልፊያ ደጋፊዎች የእጅህን አገኘህ ብለው ጮኹበት። እሱም በኋላ ለአንድ ጋዜጣ በጻፈው መልእክት በቶሎ እንደሚመለስና እነዚያ ሰዎች ዳግመኛ የድል ሰልፍ እንዳይወጡ በግሉ እንደሚተጋ ተናገረ።

ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ኦገስት መጀመሪያ ላይ ተመለሰ። ለእኔ የዚህ ጉዳይ ዋናው ክፍል ከዚህ ይጀምራል።

አንጓው ገና ኃይል አልነበረውም። በቀኝ በኩል ቆሞ የሚመታ ሰው ዱላውን የሚመራው በግራ እጁ ነው፤ ያ እጅ ሲደክም ኳሱ ሩቅ አይሄድም። በለቀቀው ፋንታ የመጣው አዲሱ አሰልጣኝ ሁለት ምርጫ ነበረው። አንዱ ኃይሉ እስኪመለስ በድሮው ቦታ፣ በኃይል መቺዎች መሀል፣ አስቀምጦ መጠበቅ ነው። ብዙ አለቃ ይህን ያደርጋል፤ ምክንያቱም ሰውየው የተቀጠረው ለዚያ ነው፣ ደመወዙም የዚያ ነው። አሰልጣኙ ሁለተኛውን መረጠ። የአንደኛ መቺነቱን ቦታ ሰጠው።

የአንደኛ መቺ ሥራ ኳስ ከአጥር ማሳለፍ አይደለም። ሥራው ቤዝ ላይ መድረስና ወርዋሪውን ማድከም ነው። ብዙ ጊዜ ይህ ቦታ የሚሰጠው ለቀላልና ፈጣን ተጫዋች ነው። ይህ ሰው ግን ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ90 የሚበልጥ፣ ጢማም ግዙፍ ነበር። ለዓይን አይመጥንም። ለሥራው ግን ልክ ነበር፤ ከድሮም ወርዋሪን ብዙ ኳስ በማስወርወር የሚታወቅ መቺ ነውና። ያጣው ኃይሉን ነው፣ የቀረው ዓይኑ ነው። ቦታው ደግሞ የሚጠይቀው ዓይን ነው።

ውጤቱ ወዲያው ታየ። በዓመቱ የተሰለፈው በ81 ጨዋታ ብቻ ነው፣ የመታውም 5 ሆም ራን ብቻ። ነገር ግን አማካዩ 0.300 ሆነ፤ ከ100 ተራ ወደ 39 በሚጠጉት ቤዝ ላይ ደረሰ። በ2011 ይህ ቁጥር 33 ነበር። ናሽናልስ 98 ጨዋታ አሸንፎ ከሊጉ ሁሉ አንደኛ ወጣ። ዋሽንግተን ከ1933 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጥሎ ማለፍ ቤዝቦል አየች።

አሥራ ሦስት ኳስ

ኦክቶበር 11፣ 2012። ተጋጣሚው የሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ነው። ሦስት ቀድሞ ያሸነፈ ያልፋል፤ ካርዲናልስ 2 ለ 1 እየመራ ነው። ናሽናልስ ዛሬ ከተሸነፈ ዓመቱ አለቀ። ጨዋታው 1 ለ 1 ሆኖ ዘጠነኛው ኢኒንግ፣ ማለትም የመጨረሻው ዙር፣ ደረሰ፤ በየዙሩ ኋላ የሚመታው የቤቱ ቡድን ነው። መጀመሪያ የሚገባው አንደኛ መቺው ነው።

ከፊቱ የቆመው ወርዋሪ በመደበኛው ውድድር 18 ጨዋታ ያሸነፈ ጠንካራ ሰው ነበር። ሁለት ስትራይክ ቶሎ ሞላ። አንድ ቢደገም ወጥቷል። ከዚህ በኋላ ያለው መከላከል ነው። ሁለት ስትራይክ ያለበት መቺ ኳሱን ነክቶ ከመስመር ውጪ ካወጣው ፋውል ይባላል፤ አይወጣም፣ ይቀጥላል። ፋውል። የማይመታውን ኳስ ደግሞ ይተዋል። እንደገና ፋውል። ወርዋሪው ፍጥነቱንም ጥምዝ ኳሱንም አሳየው፤ ለመቺው አሁን የተደበቀ ነገር የለም። ሂሳቡ ሦስት ቦል ሁለት ስትራይክ ሆኖ ሞላ። ከ40 ሺህ በላይ ሰው ቆሟል።

አሥራ ሦስተኛዋ ፈጣን ኳስ ነበረች። መታት። በግራ ሜዳ አጥሩን አልፋ የእንግዳው ቡድን ወርዋሪዎች ከሚያሟሙቁበት ቦታ ወደቀች። 2 ለ 1። ጨዋታው እዚያው አለቀ።

ይህን ተራ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ሰው የሚያስታውሰው የመጨረሻዋን ኳስ ነው። ከመሐንዲስ ዓይን ካየነው ግን ሥራው የተሠራው በአሥራ ሁለቱ ነው። ኃይል መቺ ሆኖ ቢገባ ኖሮ ምናልባት ሦስተኛዋ ላይ በሙሉ ጉልበቱ ይወዛወዝ ነበር። ለሁለት ወር ያህል የለመደው ሥራ ግን ሌላ ነበር፦ ቆይ፣ አድክም፣ የራስህን ኳስ ጠብቅ።

በማግስቱ ናሽናልስ በአምስተኛው ጨዋታ 6 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ 9 ለ 7 ተሸነፈ። ይህንንም መጻፍ አለብኝ፤ ያችን ማታ ብቻ ነጥሎ ማውራት ጉዳዩን ያዛባዋል።

2013 እና 2014

አንጓው ዳነ፣ ኃይሉ ተመለሰ። በ2013 አማካዩ 0.318 ነበር፣ 25 ሆም ራን መታ። በሊጉ የጁላይ ወር ምርጥ ተጫዋች ተባለ። በ2014 0.292 መትቶ 82 ነጥብ አስገባ፤ ቡድኑ 96 አሸንፎ ምድቡን መራ። በሁለቱም ዓመት ከ100 ተራ በ39ኙ ያህል ቤዝ ላይ ደርሷል። በ2011 ያለቀለት የተባለ ሰው ነው።

ስታዲየሙም ተቀየረ። በ2010 ወደ 1.8 ሚሊዮን የነበረው የዓመቱ ተመልካች በ2013 ከ2.6 ሚሊዮን አለፈ። ይህን ሁሉ ለአንድ ሰው መስጠት አይገባም። ያደጉት ወጣቶች፣ በተለይ ሁለቱ አንደኛ ምርጫዎች፣ ትልቁን ሸክም ተሸክመዋል። የእኔ ግምት እሱ ባይኖርም ቡድኑ ያሸንፍ ነበር፣ ግን ዘግይቶ።

የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት

ከዚህ በኋላ ያለው እንደተፈራው ሆነ። በጃንዋሪ 2015 ትከሻውን ቀዶ ሕክምና ተደረገ። በ2010 የተመረጠው ወጣት መቺ ቀኝ ሜዳውን ስለወሰደ እሱ ወደ ግራ ሜዳ ተዛወረ። በሜይ የተወረወረ ኳስ አንጓውን መታውና እንደገና ተሰበረ። በዓመቱ 88 ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ አማካዩ 0.221 ሆነ። ክፍያው ግን ጫፍ ላይ የደረሰው ያኔ ነው።

2016 ትንሽ እፎይታ ነበር። በ46 ተከታታይ ጨዋታዎች ቤዝ ላይ ደረሰ። በ37 ዓመቱም ዓይኑ አብሮት ነበር። በ2017 ራሱ የመታት ኳስ እግሩን ጎድታው ከጁን መጀመሪያ እስከ ኦገስት መጨረሻ ከሜዳ ራቀ። በዚያ ዓመት ከቺካጎ ጋር በተደረገው ወሳኝ አምስተኛ ጨዋታ ወደ ግራ ሜዳ የመጣች ኳስ ከስታዲየሙ መብራት ጋር ተደባልቃ ጠፋችበት። ናሽናልስ 9 ለ 8 ተሸነፈ። በትልቁ ሊግ የመጨረሻ ጨዋታው እሱ ሆነ።

የሠራውና ያልሠራው

በሰባት ዓመት 1,134 ጨዋታ ሊጫወት ይችል ነበር፤ የተጫወተው 808 ነው። ከሦስት አንዱን ገደማ ክለቡ ከፍሎ አላገኘውም። ቡድኑ በ2012፣ 2014፣ 2016 እና 2017 ምድቡን አሸነፈ፤ በአራቱም በመጀመሪያው ዙር ወደቀ። እሱ ራሱ በ2014 ጥሎ ማለፍ ከ17 ሙከራ አንድ ብቻ ነው የተሳካለት። ለዋንጫ ተቀጥሮ ነበር ካልን ዋንጫ አልመጣም።

በሌላ በኩል አምስት ዓመት ሲሸነፍ የኖረ ክለብ በስድስት ዓመት አራት ጊዜ ምድቡን መርቷል። ከእሱ በኋላ ሌሎች ትልልቅ ተጫዋቾችም ወደ ዋሽንግተን መጥተዋል። በ2018 ጫማውን ሲሰቅል ክለቡ በስታዲየሙ የክብር ዝርዝር ውስጥ አስገባው። እኔ ውሉን የተሳካ እለዋለሁ። የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ግን የመጀመሪያዎቹ አራት ዋጋ ናቸው፤ ያለ እነሱ አይፈርምም ነበር።

ለሌላ ሥራ የሚተርፈው

መጀመሪያ፣ ከመቅጠር በፊት ምን እየገዛችሁ እንደሆነ ጻፉት። ናሽናልስ የፈለገው የክለቡን ስም መቀየር ነበር፤ የተፈረደው ግን በሆም ራን ቆጠራ ነው። ዓላማው ተጽፎ ካልተቀመጠ አንደኛው ዓመት ሲከፋ ሁሉም የቀረበውን ቁጥር ያነሳል።

ሁለተኛ፣ ውጤት ሲጠፋ የትኛው ችሎታ እንደጠፋ ለዩ። 74ቱ ዎክ በ2011 ለሚያይ ሰው በቂ ምልክት ነበሩ። በእኛ እግር ኳስ አዲስ አጥቂ በመጀመሪያው ዙር ካላገባ አሰናብቱት ይባላል። ወደ ጎሉ አፍ እየደረሰ ነው ወይስ ጭራሽ አይደርስም ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እየደረሰ የሚስት እና የማይደርስ አንድ አይደሉም።

ሦስተኛውን ከሁሉ አስበልጠዋለሁ። ሰው አቅሙ ሲቀንስ በድሮው ወንበር አስቀምጦ መጠበቅ ሰውየውንም ሥራውንም ይጎዳል። ከእጅ ጉዳት የተመለሰ ሼፍ ምድጃው ላይ እስኪበረታ ድረስ ቅምሻውንና የዕቃ ግዢውን ይያዝ። አሰልጣኙ ያደረገው ይኼንን ነው፤ ለዚያ ደግሞ ደመወዝና ማዕረግን ከሥራ ምደባ መለየት ነበረበት። 13 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚከፈለውን ኃይል መቺ ኳስ ምረጥልኝ ማለት ድፍረት ይጠይቃል። ተጫዋቹም ቅር ሳይለው መቀበሉ ያስመሰግነዋል።

አራተኛ፣ ውሉ መቼ እንደሚያልቅ ከመጀመሪያው ቀን ይታወቃል፤ ተተኪ ፍለጋውም ሰውየው ገና ሜዳ ላይ እያለ መጀመር አለበት። ናሽናልስ በ2015፣ ተጫዋቹ በጉዳት ሲወድቅ ሲነሳ በነበረበት ዓመት፣ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ አንድ የ16 ዓመት ልጅ በ1.5 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመ። ልጁ በሜይ 2018 በ19 ዓመቱ ወደ ዋናው ቡድን ገብቶ ግራ ሜዳውን ያዘ። በኦክቶበር 2019 ናሽናልስ ሂውስተንን አሸንፎ የመጀመሪያውን ዋንጫ ሲወስድ በግራ ሜዳ የተሰለፈው እሱ ነበር።